ኩኩሉ ሲሉት የሚመልስ ልጅ

ከሐይቅ በወጣንበት ምሽት አባቴን የጨነቀው የእኔ መሄድ እንዳይመስላችሁ። እኔማ ሠላሳ ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፤ የትም ብገባ እኖራለሁ። የሱ ጭንቀት የአራት ዓመቱ ልጄ ሰይድ ነበር። እኔ ስንቅ ስቋጥር አባቴ ደጃፍ ተቀምጦ ከዓሣ መረቡ ክር እየመዘዘ የአሮጌ ካልሲ ኳስ ይሰፋል። "አባዬ፣ ጅቡቲም እኮ ኳስ አለ" ብለው፣ "በገንዘብ ነው አሉ" አለኝ ቀና ሳይል።

ባሌ እንድሪስ ለብሔራዊ ውትድርና ሲፈለግ ሸሽቶ ጅቡቲ ከገባ ቆይቷል፤ ወደብ ላይ ሸክም ይሠራል። ለኮበለለ ሰው ሚስት የይለፍ ወረቀት የሚሰጥ ቀበሌ ስለሌለ እኔም መሄድ የምችለው ጭነት መኪና ላይ ተደብቄ ነበር። ልጁን ታዲያ ያሳደገው አባቴ ነው። ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ጠዋት ከሐይቁ ከተመለሰ በኋላ ሥራው ሰይድ ነው። ከቄጠማ ታንኳ ይሠራለታል፣ ከጭቃ በሬ ጠፍጥፎ ያሳርሰዋል። ይኼ ሁሉ ሲሰለቻቸው ኩኩሉ ይጫወታሉ። አባቴ ዓይኑን በሽርጡ ሸፍኖ "ኩኩሉ!" ይላል፤ ሰይድ ሁልጊዜ እዚያችው የተሰጣው መረብ ሥር፣ ግማሽ ቂጡ እየታየ፣ "አልነጋም!" ብሎ ይመልሳል። ተመቻችቶ "ነጋ!" ሲል አባቴ ይነሳና "ኧረ ይኼን ልጅ ሐይቁ በላው እንዴ!" እያለ ከጎረቤት ጎረቤት ይዞራል።

በእኛ ቤት አንድ ሕግ ነበር፤ ኩኩሉ ሲባል ያልመለሰ ልጅ ሁለተኛ አይጫወትም። ውሃ ዳር ለሚያድግ ልጅ ይኼ ቀልድ አይደለም። ልጅ ተጠርቶ ዝም ካለ ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ሐይቁ ነው።

ልንወጣ ስንል አባቴ ዱዓ አደረገ፣ ኳሱን ሰይድ ብብት ውስጥ ወሸቀ፣ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ዘይኑ፣ የሰው አገር ነው፣ የምትቸገሪው ብዙ ነው። ብቻ ልጁን ዝም ማለት እንዳታስተምሪብኝ" አለኝ። "እሺ አባዬ፣ አብሽር" አልኩት። እሺ ማለት እኮ ቀላል ነው!

መኪናው የእህል ጆንያ ጭኗል፤ ከጆንያው ላይ ደግሞ ሾፌሩ አሰብ ወስዶ የሚሸጣቸው ዶሮዎች በቅርጫት አሉ። እኛ በጆንያዎቹ መሀል ባለችው ክፍተት ገባን፣ ሸራ ተጎተተብን። ሰይድን "ድብብቆሽ ነው" አልኩት፤ ደስ አለው። ባቲን አልፈን ቁልቁለቱን እንደጀመርን ኬላ ላይ ቆምን። የጠባቂው ጫማ ጠጠሩን ሲረግጥ ይሰማኛል፣ ትንፋሼን ውጫለሁ። ይኼኔ ያ የተረገመ አውራ ዶሮ አንገቱን አውጥቶ "ኩኩሉ!" አይል መሰላችሁ? ልጄ ምን ያድርግ፣ እንዳስተማሩት ነው፤ በሙሉ ድምፁ "አልነጋም!" ብሎ መለሰ።

ያ ረቢ!

"ዶሮህ አማርኛ ይናገራል እንዴ?" አለ ጠባቂው ሾፌሩን።

"የሐይቅ ዶሮ ነው ጌታዬ፤ የማይናገረው የለም" አለ ሾፌሩ።

ሸራው ተገለጠ። ባትሪ ዓይኔ ላይ በራ።

"የይለፍ ወረቀት?"

"የለኝም ወንድሜ። ሚሌ ዘመድ ልጠይቅ ነው።"

"ዘመድ ጥየቃ በጆንያ መሀል?"

"ልጁን ፀሐይ እንዳይመታው ብዬ ነው።"

"የምን ፀሐይ? ገና ጎህ አልቀደደም እኮ!"

ሰይድ ከጉያዬ ብቅ ብሎ "እኔስ አልነጋም አላልኩም?" አለው። ጠባቂው ላለመሳቅ ከንፈሩን ነከሰ፣ አልቻለም፣ ጠመንጃውን ተደግፎ ሳቀ። አፍንጫው ሥር ጢም እንኳ በቅጡ ያልወጣለት፣ እሱም ከእናቱ ጉያ ተነጥቆ የመጣ ይመስለኛል። ሸራውን መልሶ ጎተተብንና "ሂዱ፣ ገና ጨለማ ነው፣ ያየሁት የለም" አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በሸራው ላይ፣ "እህቴ፣ ልጁን ሌላ ጨዋታ አስተምሪው" አለኝ። አላህ የልፋቱን ይክፈለው፣ የትም ይሁን።

የበረሃውን አልተርክላችሁም፤ የሄደበት ያውቀዋል፣ ያልሄደበትም አይየው። ጅቡቲ ገባን፣ እንድሪስን አገኘነው፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ሙቀቱ! እኛ አገር ከሰዓት ሲሆን ከሐይቁ ነፋስ ተነስቶ ፊትህን ይዳብስሃል፤ እዚህ ኸምሲን የሚሉት ነፋስ አለ፣ ፊትህን ይጠብስሃል። ባጌት የሚሉት ዳቦ አላቸው፣ ዱላ የሚያህል፣ ሲያድር ደግሞ እውነትም ዱላ ነው። ዓሣቸው ከባሕር ነው ብለው ይኮራሉ፤ የሐይቅን ቆሮሶ ዓሣ የቀመሰ ግን ዝም ብሎ ይበላል እንጂ አያሞግስም።

ልጅ ይዛችሁ የተሰደዳችሁ፣ ስሙኝ። አሻንጉሊት መግዛት አያስፈልጋችሁም። የሰርዲን ቆርቆሮ በምስማር ብሱና አራት ቆርኪ ግጠሙበት፣ መኪና ነው። ክዳን፣ የተሰበረ ሲኒና አንድ ጭብጥ አሸዋ ካላቸው እቃቃ ሲጫወቱ ይውላሉ፤ "ብዪ" ሲሏችሁ እንደ ጣፈጠው ሰው እያጣጣማችሁ ብሉላቸው። ለገበጣ ጠጠር ከጠፋ የተምር ፍሬ አለ። እኔ በዚሁ በተምር ፍሬ ነው ከአከራዬ የተጣላሁት።

አከራዬ ማዳም ኑራ ድሬዳዋ ያደገች የመናዊት ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ለሰይድና ለጎረቤት ልጆች ግቢዋ ውስጥ የገበጣ ጉድጓድ ቆፍሬ ስታይ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ያከራየሁሽ ቤት ነው እርሻ?"

"ገበጣ ነው ማዳም። ፍሬውን በየጉድጓዱ እየጣሉ ነው ጨዋታው።"

"የበሉትን ተምር ሊቀብሩ ግቢዬን ይቆፍሩ? አሁኑኑ ድፈኚ!"

"እደፍናለሁ፣ አንድ ዙር ብቻ ይጨርሱ።"

ቆማ ታይ ጀመር። "አንተ፣ ከዚያ አታንሳ፣ ትበላለህ!" አለች። ከዚያ በርጩማ አስመጣች። አስር ሶላት ሳይደርስ ቀሚሷን ሰብስባ ከልጆቹ ጋር ታጭበረብራለች። ወላሂ፣ እንደሷ የሚያጭበረብር ሰው በመላው አምባሰል አላየሁም። ሰይድ "ሰረቀች!" ብሎ ሲጮህ "ግቢው የእኔ ነው" ትለዋለች። ጉድጓዱም ሳይደፈን ቀረ።

እንዲህ እየሳቅን ሳለ አፈሳ መጣ። ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ስደተኛ ከየሰፈሩ እያፈሰ ወደ ድንበር ይመልሳል። ማዳም ኑራ፣ አላህ ይስጣትና፣ መኪናቸውን ስታይ የግድግዳችንን ቆርቆሮ በጫማዋ ትመታልናለች፤ እኔና ሰይድ አልጋ ሥር እንገባለን። መጀመሪያ ዕለት አፉን በእጄ ያዝኩት። "ሰይዴ፣ ይኼኛው ኩኩሉ ሌላ ነው። ቢጠሩህም አትመልስ።"

"ለምን?"

"የሚመልስ ይያዛላ።"

አፈሳው ተመላለሰ፣ ልጄም ተማረ፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ተማረ። ከሰፈር ልጆች ጋር ሲደበቅ ድምፁ አይሰማም። ቤት ውስጥ "ሰይድ!" ብዬ ብጣራ አይመልስም፤ ስፈልገው በር ጀርባ ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ። እንድሪስ "ጨዋ ሆነልን" ይላል ደስ ብሎት። አንድ ቀን ዓይኔን ሸፍኜ "ኩኩሉ!" አልኩ። ዝም። ደገምኩ። ዝም። አልጋ ሥር ጎንበስ ብዬ ሳየው "ማማ፣ እዚህ እንደዚያ አይደለም እኮ" አለኝ፣ የማላውቀውን እንደሚያስረዳኝ። አባቴ የለመነኝ አንድ ነገር ነበር፣ እሱኑ አጣሁት።

ሰይድ ስምንት ሊሞላው ሲል፣ አሁን ጅቡቲም በሚመላለሰው በዚያው ባለ ዶሮ ሾፌር ለአባቴ ላክሁበት፤ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሐይቅ ስልክ ቤት ጠብቀኝ ብዬ። ሰይድን ይዤ ስልክ ቤት ሄድኩ። በአዲስ አበባ በደሴ ብለው ስንት ቆይተው አገናኙን።

"ዘይኑ!" አለ። ባይደወልለትም የሚሰማኝ ያህል ነው የሚጮኸው።

"አባዬ! ደህና ነህ? ሐይቁስ?"

"ዓሣዎቹ ሰላም ብለውሻል። ልጁን ስጪኝ!"

እጀታውን ሰይድ ጆሮ ላይ አደረግሁት። "ሰይዴ! አባባ ነኝ! አለህ?" ሲል እኔም እሰማዋለሁ። ሰይድ ግድግዳውን ያያል። "ሰይድ!" ዝም። እጀታውን ወሰድኩ።

"አለ አባዬ፣ ወላሂ አለ። ዝም ብሎ ነው።"

"ዝም ብሎ?" አለ። እንባዬ መጣ። ከዚያ ቀስ ብሎ "ስልኩን መልሺለት" አለኝ። መለስኩለት።

"ኩኩሉ!"

ሐይቅ ስልክ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ሰምቶት መሆን አለበት። ሰይድ ዞር ብሎ አየኝ። ግንባሩ ተቋጠረ፣ የሆነ ነገር ከሩቅ እንደሚፈልግ።

"ኩኩሉ!"

ልጄ የስልኩን ሽቦ ጎትቶ አግዳሚው ሥር ሹልክ አለ። "አልነጋም!" አለ፣ በወሎ አማርኛ፣ በአባቴ ዜማ። ከወዲያ የሽማግሌ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየሁት ነገር መጣ። "ኩኩሉ!" "አልነጋም!" "ኩኩሉ!" ሰይድ እግሩን ሰበሰበ፣ ተመቻቸ፣ "ነጋ!" ብሎ ጮኸ።

ስልኩ ቀጭ አለ። "ፊኒ፣ ማዳም" አለችኝ ሠራተኛዋ፤ አለቀ ማለቷ ነው። አባቴ "ነጋ"ን ይስማው አይስማው እስከዛሬ አላውቅም።

"ሰይዴ፣ ውጣ እንሂድ" አልኩት።

"እሽሽ!" አለኝ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ። "ዝም በይ፣ እየፈለገኝ ነው።"

ሠራተኛዋ በምልክት ተነሱ ትለኛለች፣ ወረፋ የያዙት ያጉረመርማሉ። እኔ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ፣ ልጄን በቀሚሴ ጋረድኩት።