የአባቴ የአዛዥ መኪና

ነገሩ የሆነው ባለፈው ግንቦት፣ እዚሁ ሸዋሮቢት፣ የጣራው ቆርቆሮ በሙቀት በሚንጣጣበት ሰሞን ነው። ዛሬም የፕላስቲክ ቃጠሎ በሸተተኝ ቁጥር ተነስቼ መስኮቱን እዘጋለሁ።

አባቴ በወጣትነቱ ወታደር ነበር። በሰንሰለት በሚሄድ የአዛዥ መኪና ውስጥ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። ስትሮክ ግራ ጎኑን ከነአንደበቱ ሲይዘው ሐኪሙ «ጣቶቹን በጥቃቅን ነገር አለማምዱት» አለን። አዲስ አበባ ስሄድ ያንኑ መኪና የሚመስል፣ የሚገጣጠም የፕላስቲክ ሞዴል አገኘሁና ገዛሁለት። የካርቶኑን ሥዕል ሲያይ አለቀሰ።

እኔ ማጣበቂያውን እቀባለሁ፣ እሱ በደህና እጁ ያስቀምጣል። አንቴናዎቹን ራሱ ነው የተከላቸው። የግራ እጁ ጣቶች ግን ምንም ብናደርግ አልታጠፍ አሉ። በመጨረሻ የቀረችን ከሰንሰለቱ ሥር የምትገባ አንዲት ትንሽ ጎማ ነበረች፤ እሷንም አልጋው ላይ ከአጠገቡ አስቀምጠናት ነበር።

ያን ቀን ከምሳ በኋላ ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ በአጥሩ በኩል ተጣሩ። «ኧረ የቤት ለቤት ፍተሻ መጣ! የወታደር ነገር ካላችሁ ከዓይን አርቁ፤ ወላሂ ጊዜው ደግ አይደለም!»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና የኛ አገር ሰው እንዲህ ሲባል የድሮ ፎቶና ቀበቶ ሳይቀር ያጠፋል። እናቴም ሞዴሉን አንስታ የከሰል ምድጃው ላይ ጣለችው። «እማዬ፣ መጫወቻ እኮ ነው!» እያልኩ ስደርስ አንቴናዎቹ ቀልጠው ተኝተዋል። አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ «እ... እ...» ከማለት በቀር ምንም ማድረግ አልቻለም።

ፈታሾቹን ያቆማቸው ጭሱ ነው። የጎረቤቶቻችንን ቤት አየት አድርገው ያለፉት ሰዎች እኛ ጋ ሲደርሱ «ምንድን ነው የምታቃጥሉት?» አሉ። እኔ «መጫወቻ ነው» ባልኩ ቁጥር ለራሴም ውሸት መሰለኝ።

አንደኛው አባቴን አየው። «አባት፣ እጅዎን ይክፈቱ።»

ዞር ስል የግራ እጁ ተጨብጧል! ያ እምቢ ያለው እጅ! «ታሞ ነው፣ መክፈት አይችልም» ብል ማን ይመነኝ? ሰውየው ተንበርክኮ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈለቀቃቸው። ጎማዋ ወደቀች።

ጎማዋን አየ፣ ምድጃውን አየ። «ለካ እውነትም መጫወቻ ነው» አለና መዳፉ ላይ መለሰለት። ጣቶቹንም እንደነበሩ ሊያጥፍለት ሞከረ። አልታጠፉም።

እስከ ዛሬም አልታጠፉም። እናቴን አልወቅሳትም፤ ፈርታ ነው። ግን ይቆጨኛል። «አባዬ፣ ሌላ ልግዛልህ?» ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።