የመህርዝያ ጉማጅ

ቲጃኒ ትንሿን ቆፋሪ መኪናውን ከመሬት ብድግ የሚያደርጋት በራሷ ጉልበት ነበር። ክንዷን ወደ ጎን አዙሮ አካፋዋን መሬት ላይ ጫን ሲያደርግ፣ በቱቦው ውስጥ የታመቀው ዘይት አንዱን ጎኗን ከምትሄድበት የጎማ ሰንሰለት ጋር አየር ላይ ይሰቅለዋል። ክሪክ የለ፣ ክሬን የለ። በኤል ጀም ከተማ ዙሪያ ባሉት የወይራ ማሳዎች ይህን ያላየ ሰው አይገኝም።

ድንጋያማ መሬት ላይ ስትዞር የጎማ ሰንሰለቷ መውለቅ ልማዷ ነው። ያን ጊዜ ቲጃኒ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያነሳታል፤ ሚስቱ መህርዝያ ደግሞ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ በዲጂኖ እየገፋች ሰንሰለቱን ወደ ቦታው ትመልሳለች። ግን ዝም ብላ እጇን አትሰድም። መጀመሪያ አንድ የወይራ ጉማጅ ከመኪናዋ ሆድ ስር ትወሽቃለች። የትም ሲሄዱ ከምሳው ቋጠሮ በፊት የሚጫነው ያ ጉማጅ ነው። ቲጃኒ በዚህ ይቃጠል ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ መኪናዋ አንድ ቀን እንኳ ያላረፈችበትን እንጨት ይዞ መዞር ምን ይሉታል እያለ በሰው ፊት ያፌዝባታል።

«አንተን አምንሃለሁ፤ ዘይቱን ግን አላምነውም» ትለዋለች። «አይሆንምን ትተህ ይሆናልን አስብ፣ አንተ ሰው።»

ከዚያ በተጨቃጨቁበት ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ ብለው ዳቧቸውን በወይራ ዘይትና ሃሪሳ በሚሉት የበርበሬ ድልህ እያጠቀሱ ይበላሉ። የዘይቱ ሽታ ከእጃቸው አይለቅም፤ የትኛው የወይራ የትኛው የመኪና እንደሆነ እንኳ አይለይም። አቤት ያ ጊዜ! ደግ ጊዜ መሆኑን የነገራቸው አልነበረም እንጂ።

ባለፈው የብርድ ወራት መህርዝያ ሞተች። ልጃቸው ሱፍያን አርባው ሳይወጣ መኪናዋ ትሸጥ አለ፤ በዚህ ዕድሜህ ብቻህን አትችላትም ብሎ ድርቅ አለ። ቲጃኒ ደግሞ ከመህርዝያ ጋር የኖረበት ዘመን ሁሉ እዚያች የመኪናዋ ወንበር ላይ ያለ ይመስለዋል፤ ምን ሲደረግ! በመጨረሻ ተስማሙ፦ የጎረቤታቸውን የችግኝ ጉድጓድ ብቻውን ቆፍሮ ከጨረሰ መኪናዋ ትቀራለች።

ሥራውን ሊያገባድድ ሲል ሰንሰለቱ ወለቀ። ቲጃኒ መኪናዋን አነሳት፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ዲጂኖውን ይዞ ወረደ። ጎንበስ ሲል ከልማድ ጭኖት የመጣው ጉማጅ ታየው። ወገቡን ያመዋል፤ ልተወው ብሎም ነበር። ግን የዚያች ሴት ዓይን ከጀርባው ያለ መሰለው።

«እሺ፣ እሺ በቃ» ብሎ እያጉረመረመ አንከባልሎ ወሸቀው።

እጁን እስከ ክርኑ ሰንሰለቱ ስር እንደሰደደ ቱቦው ጧ ብሎ ፈነዳ። ክንዷ ዛለ፣ መኪናዋ ወረደች። ጉማጁ ሲጢጥ አለ፣ አፈሩ ውስጥ ትንሽ ሰመጠና ተሸከማት። ቲጃኒ እጁን ስቦ አወጣው። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈ፣ ዘረጋ። ሁሉም አሉ።

ከጉማጁ አጠገብ መሬት ላይ ዘርፈጥ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

«ረታሽኝ፣ መህርዝያ» አለ። «ምነው ቆመሽ ባየሽኝ።»

ሱፍያን ምሳ ይዞ ሲመጣ አባቱ መኪናዋን ሽጣት አለው። ልጁ ለክርክር ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው። ከመኪናዋ ሆድ ስር ያለውን እንጨት አይቶ፣ እሱስ አብሮ ይሂድ ወይ ብሎ ጠየቀ።

«እሱ የእናትህ ነው» አለ ቲጃኒ። «ቤት ይገባል።»