የሽማግሌው ጆንያ

ይህን ያየሁት ድርቁ በበረታበት ዓመት ነው። ጋቦዴ ከሚባለው የከተማው ሰፈር አጠገብ፣ አንድ የመንግሥት ቢሮ ደጃፍ ላይ ልጄን አዝዬ ሻይ እሸጥ ነበር። «ከብት ላለቀባቸው አርብቶ አደሮች ገንዘብ ይከፈላል» ተብሎ ስለተወራ ሰልፉ ረዝሞ ነበር። ከገጠር የመጡ አንድ ሽማግሌ ጆንያ ተሸክመው ሲጠጉ ሽታው ሰዉን በተነው።

«አባባ፣ ምንድን ነው እሱ?» አልኳቸው በሶማልኛ።

«የፍየሎቼ ጆሮ ነው፣ ልጄ። አልሞቱም እንዳይሉኝ ቆርጬ አመጣሁ።»

አፍንጫዬን ለመያዝ አፈርኩ፤ ሻይ ቀዳሁላቸው። ተራቸው ደርሶ ጆንያውን በመስኮቱ በኩል ሲያሳዩ ጸሐፊው ወደ ኋላ ሸሸ።

«ኧረ ዝጋው፣ ሽማግሌ! ገንዘቡ የመኖ መግዣ ነው። የሚሰጠው ያልሞተ ፍየል ላለው ብቻ ነው።»

ሽማግሌው የጆንያውን አፍ ቀስ ብለው ቋጠሩት።

«እኔስ?» አሉት። «እኔ እኮ አልሞትኩም።»