በአንድ ጎኑ የተበላው ጎማ

ልጆቹ ይንገሩን ብለው ያዙኝ። ነገሩ የተነሣው በልጅ ልጄ በሙሉቀን ሚኒባስ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የፊት ጎማዋ በውስጥ በኩል ብቻ ተልጦ፣ ሽቦው ብቅ ብሎ አገኘውና ስልኩን አንሥቶ ሹፌሩ ላይ ሊጮህ ሲል ደረስኩ። ነጠላዬን ሰብስቤ ጎንበስ አልኩ። መዳፌን ጎማው ላይ አንዴ ወደ ውጭ፣ አንዴ ወደ ውስጥ አስኬድኩና «እግሩ ወደ ውጭ ዞሯል። ግን ልጄ፣ ከመጮህህ በፊት መቼ እንደጀመረው ጠይቅ» አልኩት። ልጆቹ ከበቡኝ። «እማማ፣ ይህን ደግሞ ማን አስተማረዎት?»

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ይህን የምትጽፈው የሙሉቀን እኅት ሰላም ናት፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ታሰፍራለች። አንዳንድ ቦታ ላይ ድምፄ ዝቅ ካለባት ጮክ በዪ እንዳትለኝ አስጠንቅቄያታለሁ። የሚያሳፍር ነገር ጮክ ተብሎ አይነገርም።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከከተማው ግንብ በሮች በአንዱ፣ በፈላና በር ገባ ብሎ ነበር። አባዬ ታክሲ ነጂ ነው። ሰማያዊ መኪናው በሰፈራችን ጠባብ መንገድ ስለማታልፍ ከበሩ ውጭ፣ ቁልቁለቱ ላይ ያቆማታል። ታዲያ የእጅ ፍሬኗ አይይዝም። አባዬ ጥሩምባዋን ሁለት ጊዜ ሲያሰማ፣ ታናሽ ወንድሜን እንዳዘልኩ እሮጥና ከፊት ጎማዋ ሥር ድንጋይ እወሽቅለታለሁ። ታኮ እንለዋለን። ጥቁር፣ ልሙጥ፣ ለእጅ የሚመች ድንጋይ ነበር። እኩዮቼ ደብተራቸውን ይዘው ሲያልፉ እኔ በድንጋዬ እኮራ ነበር። ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ የመኪና ሥራ ያላት እኔ ብቻ ነኛ!

ያን ቁልቁለት ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሽታው ነው። ነፋሱ ከገበያው፣ ከጊደር መጋላ በኩል ሲነሣ የበርበሬና የቅመም ሽታ ይዞ ይመጣና ያስነጥሰናል፤ ከወዲህ ደግሞ ጣፋጩን ሙሸበክ የሚጠብሱት ሴትዮ ዘይት አለ። የታጠበ ግንብና አዲስ የተቀባ ኖራም አለ። ወዴት ሄድኩ? አዎ፣ ሙሸበክ ስል አስናቀ ትዝ አለኝ።

አስናቀ አባዬ በኅዳር የቀጠረው ሹፌር ነው። እስከ ምሳ አባዬ ይነዳል፣ ከምሳ በኋላ አስናቀ። ከገጠር የመጣ፣ ሳቂታ፣ አንድ ሸሚዝ ያለው ልጅ ነበር፤ ያቺኑ እያጠበ ይለብሳታል። ሲመጣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሙሸበክ ይዞልኝ ይመጣና፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለትልቅ ሰው እንደሚነሣ እጅ ይነሣኛል። «የታኮ ሚኒስትሯ እንዴት ዋሉ?» ይለኛል። እኔ በሳቅ ስፈርስ ጀርባዬ ላይ ያለው ወንድሜም ሳይገባው ይስቃል። ለእናቱ ቆርቆሮ ቤት ሊሠራ ነበር ሐሳቡ፤ ስንት ቆርቆሮ እንደሚበቃ ለመንገደኛው ሁሉ ያወራል።

በታኅሣሥ አንድ ሐሙስ፣ አባዬ ምሳውን ሊበላ ገባ። እኔ ታኮዬን ወሽቄ እዚያው መኪናዋ ጥላ ሥር ዕቃ ዕቃ መጫወት ጀመርኩ። ሸክላ ፈጭቼ በርበሬ እያደረግኩ ነው፤ በእጄ የያዝኩት ጠጠር ግን አልፈጭ አለኝ። ዘወር ስል ታኮዬን አየሁት። ጥቁር፣ ልሙጥ፣ ለመፍጨት የተፈጠረ የሚመስል። ለአንድ አፍታ ነው ብዬ ጎተትኩት።

መኪናዋ መጀመሪያ አልተነቃነቀችም። በርበሬዬን አንድ ሁለቴ እንዳሸሁ ግን ጥላዬ ሲሸሽ አየሁ። እንደ ሰው እርምጃ፣ ያለ ድምፅ ወረደችና የቦዩን ጠርዝ በፊት ጎማዋ ደው አድርጋ መትታ ቆመች። ዙሪያዬን ባይ ማንም የለም። ወንድሜም ተኝቷል። ድንጋዩ ላይ የቀረውን ቀይ ዱቄት በምራቄ ጠርጌ፣ በቀሚሴ አድርቄ፣ ካለችበት ወሸቅኩላት። አባዬ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ወጣና ለአስናቀ ሊያስረክባት አስነሥቶ ሄደ። ሁለት ሜትር ፈቀቅ ማለቷን ልብም አላለው።

ሰኞ ዕለት አባዬ ከመኪናዋ ሥር አጎንብሶ ሲነሣ ፊቱ ተለውጧል። የዚያው የፊት ጎማ የውስጥ ጠርዙ ተልጦ ክሩ ታይቷል። ያኔ ጎማ እንደ ልብ አይገኝም፤ ተለምኖ፣ ወረፋ ተጠብቆ ነው። እኔንም አስናቀንም ጭኖ አቦከር ሰፈር፣ አው ሙሜ ዘንድ ወሰደን።

አው ሙሜ ጎሚስታ ናቸው። ደጃቸው ማስቲሽና የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፤ አጠገባቸው ከቡና ገለባ በወተት የተፈላ የሆጃ ፔርሙዝ አይጠፋም። እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። ልጅ ሆና ፊደል ካልቆጠረች ጎማ ትቁጠር ይሉና፣ መሀሉ የተበላ ነፋስ በዝቶበት ነው፣ ሁለት ዳሩ የተበላ ነፋስ አንሶት ነው፣ እዚህም እዚያም የተቦጨቀ ነጠርታ የሚያበርደው አሞርዛተር ደክሞ ነው እያሉ ያስጠኑኛል። የዚያን ዕለትም በክሪክ አነሡና «ነይ ብርቄ፣ እጅሽን አምጪ» አሉኝ። ባልመጣስ? መጣሁ። መዳፌን ይዘው ከውስጥ ወደ ውጭ አስኬዱት፤ ለስላሳ ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ ሲመልሱት እንደ ድመት ምላስ ያዘኝ።

«ምን አለሽ?» አሉኝ።

«ይቧጥጣል።»

«ማሻአላህ! ሲመለስ ከቧጠጠ እግሩ ወደ ውጭ ዞሯል ማለት ነው። መንገዱን እየተራመደ ሳይሆን እየተጎተተ ነው የሚሄደው።» ወደ አባዬ ዞሩ። «ይህ መኪና ተመትቷል። ድንጋይ ይሁን ጉድጓድ አላህ ያውቃል፤ የመሪው ዘንግ ተጣሟል።»

አባዬ አስናቀን አየው። «የት ነው የመታኸው?»

«ጋሼ፣ እኔ? በማርያም፣ አልመታሁም!»

«ጎማ ይዋሻል እንዴ?»

«ጋሼ፣ ትንሽ ጫር ቢያደርጋት እንኳ እነግርዎት ነበር። ልደብቅ ብል ያስችለኛል? እኔ እኮ ያስነጠስኩትን ሁሉ የማወራ ሰው ነኝ!» ሊስቅ ሞከረ። አባዬ አልሳቀም።

አው ሙሜ ሌላ ደንበኛ ጠርቷቸው ሄደው ነበር። እኔ ጎማው ሥር እንደተቀመጥኩ ነኝ፤ መዳፌ አሁንም ይሻክረኛል። አፌን ከፈትኩ። በእናንተ አምላክ፣ ከፍቼ ነበር። አባዬ ግን ያን ዓይኑን ይዞ ወደኔ ሊዞር መሰለኝና ከደንኩት። አንዲት ቃል ነበረች። ዋጥኳት።

በማግስቱ ጠዋት አስናቀ ቁልፉን ሊመልስ መጣ። አባዬ በሩ ላይ ተቀበለው፣ ግባ አላለውም። አስናቀ ሲወጣ እኔን ቁልቁለቱ ላይ አገኘኝና እንደ ልማዱ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «የታኮ ሚኒስትሯ፣ ድንጋይዎን እንዳይረሱ» አለኝ። ለማሳቅ ይሁን፣ አውቆ ይሁን እስከ ዛሬ አልለየሁትም። እኔ ግን ያወቀ መሰለኝና ሮጬ ቤት ገባሁ። ያን ዕለት ያመጣልኝን ሙሸበክ ወንድሜ በላው፤ እኔ አልወረደልኝም።

ከተማው ትንሽ ነው፤ መኪና መታ የተባለ ሹፌር መሪ የሚያስጨብጠው አጣ። ከወራት በኋላ ጊደር መጋላ እናቴ ጨው ልካኝ ስሄድ፣ ከአንድ ጆንያ ሥር ያቺን ሸሚዝ አየሁ። እህል ተሸክሞ ነው። ቀና ቢል ያየኛል። ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ በሌላኛው መንገድ ተመለስኩ፤ እናቴን ጨው የለም አልኳት። ይኸው ሁለተኛው ውሸቴ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም፤ ወደ አገሩ ተመለሰ አሉ። የእናቱ ቆርቆሮ ቤት ይሠራ አይሠራ አላውቅም።

አሁን ሙሉቀን ሚኒባሷን ወስዶ ማሽን ላይ አሰቀላት፤ ማሽኑም እግሩ ወደ ውጭ ዞሯል አለ። ልጆቹ አጨበጨቡልኝ። እኔ ደስ አላለኝም። ያኔ እኛ መዳፋችንን ብቻ ይዘን እውነቱን እናገኝ ነበር፣ አገኘነውም፤ ግን ካጠገቡ ቁጭ ብዬ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ልጆቼ ብርጭቆ ሰብረው ሲመጡ የማልቆጣቸው ደግ ስለሆንኩ ይመስላቸዋል። አይደለም። የሚዘጋ አፍ አውቃለሁ፤ እንዳይዘጋባቸው ብዬ ነው።

አባዬ ከሞተ በኋላ፣ እኔም ወልጄ ከብጄ፣ ለዒድ አው ሙሜን እንኳን አደረሰዎ ልል ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል። ሆጃ አስቀዱልኝና፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ለሰው ተናግሬው የማላውቀውን ታኮዬን፣ ቦዩን፣ አስናቀን አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

«መቼ ነበር የነካሻት?» አሉኝ።

«ሐሙስ።»

«ወደኔ ያመጣችኋትስ?»

«ሰኞ።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «ልጄ፣ ወላሂ፣ በአራት ቀን የሚበላ ጎማ አላህ አልፈጠረም! የሰው እርምጃ ያህል ሄዳ ቦይ ብትነካ ምን ትሆናለች? ያ ጎማ ከክረምት ጀምሮ ሲበላ የነበረ ነው፤ በመዳፌ አውቄዋለሁ። አባትሽ ምን ሆነ አለኝ እንጂ መቼ ብሎ አልጠየቀኝም። ያኔ ሐሙስ ነው ብትዪ እዚያው እስቅብሽ ነበር።» ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። ልጁ በዚያ ምክንያት መባረሩን አያውቁም ኖሯል። «ያ ልጅ የተቀጠረው መቼ ነበር?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«በኅዳር» አልኳቸው።

በክረምት መኪናዋን የሚነዳት አባዬ ብቻውን ነበር።