ካሜራው የዞረበት ፊት

ጎረቤቴ ንፋሊ ጃባቴ በባማኮ፣ በእኛ ሠፈር በላፊያቡጉ፣ የሠርግና የስም ማውጫ ድግስ ቪዲዮ ቀራጭ ነበር። ያለችው አንዲት ካሜራ ናት፤ እሷንም ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። ሚስቱ ሲታን አወዳሽ ዘፋኝ ናት፤ ሙያውን ከእናቷ ነው የወረሰችው። እሷ በዘፈነችበት ሁሉ እሱ አለ። እኔ ልብስ ሰፊዋ ተነንም የሰፋሁት ቀሚስ ሲታይ ለማየት አልቀርም።

በእኛ ዘንድ ዘፋኟ የአንዱን ዘር ጠርታ ስታወድስ፣ የተወደሰው ተነስቶ ይሸልማታል። ካሜራውም ያኔ እሷን ትቶ ወደ እሱ ይዞራል። ካሴቱን ቤቱ ወስዶ ራሱን የሚያየው እሱ ነዋ። ንፋሊን በዚህ የሚደርስበት አልነበረም። ሲታን ስም ልትጠራ ትንፋሽ ስትስብ ገና ማንን እንደምትጠራ ያውቃል፤ ቀድሞ ዞሮ ይጠብቃል። አንድ ቀን እኛን ጃራዎችን ስትጠራ እኔንም አነሳኝ፤ አገጬ ሁለት ሆኖ ወጣ።

“አንተ ባቄላ በሊታ፣ ምን አድርጌህ ነው?” አልኩት። የጃራና የጃባቴ ዘሮች በቀልድ መሰዳደብ ወጋችን ነው።

“የጃራ አገጭ ለአንድ ካሜራ ይከብዳል” አለኝ ሳይስቅ።

ሲታን አጠገባችን ነበረች። “እስቲ አንድ ቀን እንኳ እኔ ላይ ቆይ” አለችው።

“አንቺንማ በየቀኑ አይሽ የለም እንዴ?” አላት።

ባለፈው ክረምት ትኩሳት ይዟት ሞተች። ሕመሙ ለማስታመም እንኳ ጊዜ አልሰጠም። ንፋሊ ካሜራውን በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋ ሥር ከተተው፤ ማንም ቢጠራው አልሄደም።

አርባዋ ሲቃረብ ልጃቸው ማሳራን ከባሏ ቤት መጣች። ከእንግዲህ በእናቷ ቦታ ቆማ የምታወድሰው እሷ ናት።

“አባዬ፣ ድምፅዋ ጆሮዬ ውስጥ አለ” አለችው። “ፊቷ ነው የጠፋኝ። ስትዘፍን አፏን እንዴት ነበር የምትከፍተው? እጇንስ የት ነበር የምታደርገው? አንድ ጊዜ ልያት።”

ሦስታችን ንፋሊ ለራሱ ያስቀራቸውን ካሴቶች ሣጥን ከፈትን። ሲታን ትንፋሽ ትስባለች፣ ምስሉ ይዞራል። ድምፅዋ እየመጣ የምናየው ወርቅ ጥርስ ያላት አክስት፣ የሚያልበው ነጋዴ፣ የእኔ አገጭ ነው። የእሷ የተገኘው የጆሮ ጌጥ፣ የነጠላዋ ጫፍ፣ ማይክ የያዘ እጅ ብቻ። ካሴት ባወጣን ቁጥር የንፋሊ ትከሻ ወደቀ። ሻይ ላፈላ ብዬ ተነሳሁ።

“ቆዩ” አለ ድንገት። “የማሳራን ሠርግ። ያን ቀን ለእኔ ነው የዘፈነችው። አወዳሿ እሷ፣ ተወዳሹ እኔ፣ ካሜራው በእኔ እጅ። ታዲያ ወደ ማን እዞራለሁ? እሷ ላይ ነው የቆየሁት።”

እኔም አስታወስኩ። ሲታን ያን ቀን ዓይኗን ካሜራው ላይ ተክላ የጃባቴዎችን ዘር ጠራች፣ ባሏን አወደሰች፣ እየዘፈነችም አለቀሰች። ስትዘፍን ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ደግሞ ሕዝቡ በሳቅ ፈርሶ ነበር፤ ለምን እንደሳቅን ግን ጠፋብኝ።

ካሴቱ ገባ። ሲታን በሰማያዊ ቀሚሷ ወደ እኛ መጣች፣ ቀጥታ አየችን። ማሳራን እጄን ያዘችኝ። ሲታን ትንፋሽ ሳበች።

ምስሉ ዞረ። የድንኳኑ ሸራ፣ ወንበር፣ መሬት ታየ፤ ከዚያ የንፋሊ ፊት መጣ። እጁ ልማዱን አልረሳም፤ ተወዳሹ እሱ ነውና ያንን ከባድ ካሜራ ከትከሻው አውርዶ ወደ ራሱ አዙሮት ነበር። የሳቅነው ለዚህ ነው። ላቡ እየወረደ፣ ጥርሱን ገልጦ፣ ፊቱ የቴሌቪዥኑን መስተዋት ሞልቶት ይታያል። ከጀርባ ሲታን የአያቱን ስም ትጠራለች፣ የእሱን ስም ትጠራለች፣ ድምፅዋ ይሰበራል። ዘፈኑ እስኪያልቅ ካሜራው ወደ እሷ አልተመለሰም።

ማሳራን ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔ ቴሌቪዥኑን ላጥፋው ብዬ እጄን ስዘረጋ ንፋሊ ከለከለኝ። ተንበርክኮ ወደ መስተዋቱ ተጠጋና ያንን የሚስቅ ሰውዬ ቀስ ብሎ ለመነው።

“አዙረው። አንተ ሰውዬ፣ እባክህ ወደ እሷ አዙረው።”