ከተመስገን በኋላ

ሰርካለም ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ዳር ስልክ ትጠግናለች። እጇ የተባረከ ነው፤ ምላሷ ግን እሳት ነው። ቡሬ ገጠር ያሉት የክርስትና እናቷ እማማ እናኑ ስትሮክ ሲመታቸው ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ጎረቤት የሚያስታርቁ፣ ጨዋታቸው የማይጠገብ ሴት ነበሩ። ሐሳባቸው እንዳለ አለ፤ ቃሉ ነው እምቢ ያለው።

ሰርካለም ደንበኛ ጥሎት የሄደ አሮጌ ታብሌት ጠገነችና ሥዕል ሞላችበት፤ ውሃ፣ እንጀራ፣ ብርድ ልብስ፣ ሕመም። ሥዕሉን ሲነኩት በእሷ ድምፅ ይናገራል። ትልቁን ቦታ የሰጠችው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ለሚለው ነው። ሰላምታ የማይመልስማ በእኛ አገር ምን ሰው ይባላል? እማማም ወደዱት። ጠያቂ በመጣ ቁጥር በግራ እጃቸው እየነኩ ፊታቸው ይበራል።

ጉዱ የመጣው ለክትትል ሐኪም ቤት የሄዱ ዕለት ነው። ዶክተር ክንፈሚካኤል «እንዴት ሰነበቱ እማማ?» አላቸው። ትልቁን ሥዕል ነኩ። ታብሌቱ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ሐኪሙ ደስ ብሎት ወዲያው ሸኛቸው። ብዙም ሳይቆዩ እግራቸው አብጦ፣ ትኩሳት ይዟቸው ተመልሰው ሐኪም ቤት ተኙ። እግራቸው ለካ ያን ዕለትም ያማቸው ነበር።

ሰርካለም በገነች፤ መጀመሪያ በእማማ፣ ቀጥሎ በሐኪሙ። «ሕመም የሚለውን ለምን አልነኩትም?» ስትላቸው እማማ አፍረው አቀረቀሩ። ሳያመሰግኑ ማማረር እንዴት ይሆንላቸዋል? አመስግነው ጣታቸውን ወደ ሕመሙ እስኪያደርሱ ደግሞ ሐኪሙ ተነሥቷል። ያኔ ጥፋቱ የራሷ መሆኑ ገባት። የጎጃም ሰው ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ «ተመስገን» ይላል፤ ግን እዚያ ላይ አያቆምም፤ ትንፋሹን ሰብስቦ ሆዱን ይዘረግፋል። እሷ እማማን ተመስገን ላይ አስቁማቸዋለች። እያዘነች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ከትልቁ ሥዕል ጎን አንድ ቀይ ቦታ አበጀች።

በማግስቱ ሐኪሙ በሽተኞቹን እየጎበኘ መጣ።

«እንዴት አደሩ እማማ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ፈገግ ብሎ ወደሚቀጥለው አልጋ ፊቱን አዞረ። የእማማ ጣት ቀዩን ፈለገ፤ አገኘውም።

«ግን ቆይ ልጄ፣ አልጨረስኩም።»

ክንፈሚካኤል ተመለሰ። ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠና «እየሰማሁዎት ነው እማማ» አላቸው። እማማ እናኑ ሰርካለምን አዩዋት፤ ከዚያ ሕመም የሚለውን ነክተው መናገር ጀመሩ።