ልጄ ወፍ ፎቶ ልታነሳ ነው

«እማዬ፣ ወፎቹ እንዳይደነብሩ ምን ዓይነት ቀለም ልልበስ?» አለችኝ ልጄ ዛሬ ከካናዳ በቪዲዮ ደውላ። ለእረፍቷ ዩጋንዳ ሄዳ ወፍና ጉማሬ ፎቶ ልታነሳ ነው።

ይቺ ልጅ እዚሁ ሱዳን፣ መፋዛ፣ ማሽላችን መሀል ማማ ላይ ቆማ፣ ቆርቆሮ እየደበደበች ወፍ ስታባርር ነው ያደገችው። አሁን እንዳይሸሿት ትጨነቃለች።

«እኛ ጋ ወፍ ጠፋ?» አልኳት። «ማሽላው ደርሷል። ነይና ማማው ላይ ተቀመጪ፤ አላባርርብሽም። እኔም ዓይንሽን ካየሁ ስንት ዓመቴ።»

«እማዬ፣ ሱዳን እኮ ጦርነት ነው። ማን ይመጣል?»

«ወፎቹ መጥተዋል።»

ከዚያ አዲሱን ካሜራዋን አነሳችና «ሩቅ ያለውን አቅርቦ ያሳያል» አለችኝ።

«ጥሩ ነው» አልኳት።

ልጆቻችሁ እናንተን አልፈው ሌላ ነገር ሊያዩ የሄዱባችሁ እናቶች፣ ምን አላችኋቸው? ጻፉልኝ፤ ቀስ ብዬም ቢሆን አነበዋለሁ።